ከጭብጨባው በፊት

ለዚህ እትም ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንድጽፍ ስጠየቅ ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ። ስለዚህ እስቲ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

አምና ፍሬሽ እያለን በሴክሽናችን አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ነበር። ዘንድሮም አብረን ጋዜጠኝነት ደርሶናል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለነገረኝ «ጓደኛዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ኅዳር 24 ቀን የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ስለ እሱ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ በአዳራሹ አነበብኩ። ርዕሱ «ጨለማን ያሸነፈ ጀግና» የሚል ነበር። ብርሃኑን ስለመነጠቁ፣ ስለ ዕንባው፣ ስለ ተስፋው ምን ያላልኩት አለ! ሰው አጨበጨበ። ዕንባቸውን የጠረጉም ነበሩ። እኔም በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ላውንጅ ሻይ ስንጠጣ «እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ቆንጆ ነው። ግን ስለማን ነው?» አለኝ።

«ስለ አንተ ነዋ!»

«አይ፣ ስለ ዓይኔ ነው የጻፍሽው። ኳስ በሬዲዮ እንደምከታተል፣ ሽሮ እንደሰለቸኝ፣ ጂኦግራፊ እንዳስቸገረኝ አንድም ቃል የለውም። ለማንኛውም ያ ሁሉ ያጨበጨበ ሰው ነገም ከመጣ ጥሩ ነው።»

ነገ ያለው የሚድ ፈተናውን ነው። ፈተናው ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ ሀንድአውቱ 60 ገጽ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያነብለት ሰው ይፈልግ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ካጨበጨበው ውስጥ ሊያነብለት የመጣው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ያ አንድ ልጅ እኔ አይደለሁም። እኔ ላይብረሪ ስፔስ ይዤ እየቸከልኩ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነው «መደገፍ» እና «ማክበር» የምንላቸውን ነገሮች ከሥራቸው ለማወቅ የሞከርኩት። እስከገባኝ ድረስ ለእናንተም ላካፍል።

ጉዳቱ ያለው የት ነው?

የተወለድኩት በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና በኩል ነው። ከዚያ ዲማ ጊዮርጊስ ሩቅ አይደለም። እንደሚታወቀው ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል ከየአቅጣጫው ተማሪ ቁራሹን ለምኖ እየበላ የሚማርባቸው ቦታዎች ናቸው። አያቴ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ። አንድ ጊዜ «ዓይነ ስውር ተማሪ ነበር ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው «እንዴታ! ከእኛ የሚበልጡ ነበሩ» አሉኝ። «ታዲያ እንዴት ይማሩ ነበር?» ስላቸው ጥያቄዬ ገረማቸው። «እንደ እኛው ነዋ! በጆሯቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅኔ ቤት ትምህርቱ በአብዛኛው የቃል ነው። መምህሩ ይናገራሉ፣ ተማሪው ይሰማል፣ ይይዛል። ቅኔውንም በልቡ ቆጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል። ማየት የተሳነው ተማሪ እዚህ ላይ ከጎኑ ከተቀመጠው ልጅ በምንም አያንስም። የሚነበብ ነገር ሲመጣ ጓደኛው ያነብለታል፣ እሱ ደግሞ የያዘውን ለጓደኛው ያስቀጽለዋል። ከዚሁ ከጎጃም የወጡት አለቃ አያሌው ታምሩ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በልጅነታቸው ነው። እስከ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢነት ደርሰው በ1999 ዓ.ም. አርፈዋል። ከአንደበታቸው የሚወጣውን ትምህርት ለመስማት የሚሰበሰበው ሕዝብ «ሊቅ ናቸው» ብሎ እንጂ «ዓይነ ስውር ሆነው» ብሎ አልነበረም።

እስቲ አሁን ያንኑ ልጅ ወደ ግቢ እናምጣው። የዶርም ድልድል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የፈተና ፕሮግራም ሰሌዳ ላይ ነው። ሀንድአውቱ ፎቶ ኮፒ ነው። ፓወር ፖይንት የሚያቀርብ ሁሉ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» እያለ ያልፋል። ልጁ ያው ነው፣ ዓይኑም ያው ነው። የተለወጠው አሠራሩ ነው። ቅኔ ቤት ያልነበረው ችግር ግቢ ውስጥ ተፈጠረ።

ግን የድሮውን ብቻ አመስግኜ አላልፍም። በዚያው በቅኔ ቤት በር ላይ መስማት የተሳነው ልጅ ቢቆምስ? ያ ሁሉ የቃል ትምህርት ለእሱ የተዘጋ በር ነው። ለዓይነ ስውሩ ወለል ያለው በር መስማት ለተሳነው ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ያለው በሰውየው አካል ላይ ብቻ አይደለም፤ አካሉና አሠራሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይም ነው።

ይህ የእኔ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አካል ጉዳተኝነትን የሚረዳው በዚሁ መንገድ ነው። ሰውየው ያለበት ጉዳት በአካባቢው ካሉ መሰናክሎች ጋር ሲጋጭ ከሌላው እኩል እንዳይሳተፍ ያደርገዋል ይላል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከ6 ሰዎች አንዱ፣ ጉልህ የሆነ የአካል ጉዳት አለበት። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ደግሞ ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከምክንያቶቹ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ሲሆን ትራኮማም ትልቅ ድርሻ አለው። የአማራ ክልል ትራኮማ ክፉኛ ከተስፋፋባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ከጤና ኤክስቴንሽን ያልሰማ የገጠር ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ነጥብ በነጥብ

«ብሬል አለ አይደል? ለምን በብሬል አያነብም?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔም ጠይቄ አውቃለሁ። መልሱን ለማወቅ ብሬል እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ብሬልን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ነው። በልጅነቱ ዓይነ ስውር የሆነው ይህ ሰው ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1829 ሲያሳትም ገና 20 ዓመቱ ነበር። መሠረቱ 6 ነጥብ ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ በሁለት ዓምድ የተደረደረ። የትኞቹ ነጥቦች ጎልተው እንደወጡ በጣት ተዳስሶ ፊደሉ ይታወቃል። ከስድስቱ ነጥቦች 63 ዓይነት ምልክት ይወጣል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጣጣ ይመጣል። የእኛ ፊደል ሰባት ሰባት ቤት እየሆነ ከ200 በላይ ነው፤ በ63 ምልክት አይዳረስም። ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ይፈታዋል። አንዱ ምልክት ለተነባቢው፣ ቀጥሎ ያለው ለአናባቢው ይሆናል። «ቡ» ለማለት መጀመሪያ «ብ»፣ ከዚያ «ኡ» እንደማለት ነው። በዚህ ላይ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ነጥቡም ቦታ ይወስዳል። በኪስ የሚያዝ መጽሐፍ በብሬል ሲሆን በክንድ የሚታቀፍ ጥራዝ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ኮርስ ለእያንዳንዱ ሀንድአውት ይህን አዘጋጅቶ ማድረስ ማተሚያ፣ ወረቀትና ባለሙያ ይጠይቃል።

ማስታወሻ መያዙስ? ጓደኛዬ የሚጽፈው በስሌትና በስታይለስ ነው። ስሌት ወረቀቱን ቆንጥጦ የሚይዝ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ነው፤ ስታይለስ ደግሞ ነጥቡን የሚወጉበት አጭር መውጊያ። ነጥቡ የሚወጋው ከጀርባ ስለሆነ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ሲነበብ ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይዳሰሳል። እስቲ አንድ ጊዜ «ጋዜጠኝነት» የሚለውን ቃል ነጥብ በነጥብ ወደ ኋላ እየጻፋችሁ መምህሩ የሚሉትን ለመከተል አስቡት! ክፍል ውስጥ የምንሰማው «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይህ ነው። አምና ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ረበሽከን» ብሎት ነበር። ድምፁ የእኛ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ማለት እንደሆነ ያ ልጅ ቢያውቅ ኖሮ አይናገርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንባቢ የሚያስፈልገው እንግዲህ ለዚህ ነው። ማንበብ ደግሞ ቀላል ይመስላል እንጂ የራሱ ሥርዓት አለው። ከጓደኛዬ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ገጹንና ንዑስ ርዕሱን ተናገሩ። ሁለተኛ፣ «ይሄ አያስፈልግህም» እያላችሁ አትዝለሉ፤ የሚያስፈልገውን የሚመርጠው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ ሠንጠረዥና ሥዕል ሲመጣ በቃል ግለጹት። አራተኛ፣ እንግዳ ስም ሲያጋጥም ፊደል በፊደል ንገሩት። አምስተኛ፣ በስልክ ቀድታችሁ የምትሰጡት ከሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ፋይል አትቅዱ፤ በምዕራፍ በምዕራፍ ከፋፍላችሁ ስም ስጡት።

የፈተናው ጸሐፊ ደግሞ ኃላፊነቱ ይከብዳል። የሚጽፈው የተነገረውን ብቻ ነው። አያርምም፣ አይጨምርም፣ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ በድምፁ ፍንጭ አይሰጥም። ስለዚህ ኮርሱን ያልወሰደ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ነገር ግን የሚጽፈውን ቋንቋ በደንብ የሚያውቅ መሆን አለበት። ጥያቄው ተነብቦለት፣ አስቦ፣ ተናግሮ፣ ተጽፎ፣ እንደገና ተነብቦለት ስለሆነ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት አድልዎ አይደለም፤ ሌላው ተማሪ ያገኘውን የማሰቢያ ጊዜ ለእሱም መመለስ ነው።

ኮምፒዩተሩ ምን ነካው?

ዘንድሮ መጀመሪያ ላይ «ካሳ ይሆነኛል» ብዬ የአንድ ኮርስ ማስታወሻዬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒዩተር ተየብኩለት። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በፍላሽ ሰጠሁት። በማግስቱ እየሳቀ መጣ።

«ምን ቋንቋ ነው የጻፍሽልኝ?»

እሱ የሚጠቀመው ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጆስ የሚባለው በገንዘብ የሚገዛ ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ሠርተው ለዓለም በነፃ ለቀቁት። ፕሮግራሙ የእኔን ማስታወሻ ሲከፍት ያነበበው አማርኛ ሳይሆን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ክምር ነበር።

ጥፋቱ የፎንቱ ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች፣ ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት የተሠሩት ማለቴ ነው፣ ኮምፒዩተሩን የሚያታልሉ ናቸው። ኮምፒዩተሩ በውስጡ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ግን ላዩ ላይ «ሀ» አድርጎ ይሥለዋል። ለእኛ ዓይን አማርኛ ነው። ሥዕሉን ለማያየው ፕሮግራም ግን ላቲኑ ብቻ ነው ያለው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር ተሰጠው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በድምፅ ሊነበብ ይችላል። ድምፁ ገና ማሽን ማሽን ይላል፣ ግን ይሰማል።

ጽሑፋችሁ የትኛው እንደሆነ የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ለውጡት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከተበተነ የድሮው ነው።

ሁለተኛው ችግር ፎቶ ነው። ዛሬ ሀንድአውት በስልክ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንልካለን። ለእኛ ግልግል ነው። ለፕሮግራሙ ግን ፎቶ ፎቶ ነው እንጂ ጽሑፍ አይደለም። የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ዋናው የተተየበው ፋይል ካላችሁ እባካችሁ እሱን አብራችሁ ላኩልን። አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ የአንድን ተማሪ ሦስት ቀን ግን ይቆጥባል።

ዓይን ብቻ አይደለም

የጓደኛዬን ጉዳይ ስላወቅኩት ስለ ዓይነ ስውርነት አበዛሁ። ሌሎቹን ግን መርሳት አይገባም።

መስማት የተሳነው ተማሪ የሚፈልገው ጩኸት አይደለም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። የሚገርመው የጣት ፊደሉም ከብሬሉ ጋር ተመሳሳይ ብልሃት አለው፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው ቤት እንደሆነ ይነግራል። አስተርጓሚ በሌለበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ ፊታችንን ወደ ተማሪው አዙረን፣ አፋችንን ሳንሸፍን ብንናገር፣ ማስታወሻችንን ብንሰጠው ይረዳል። የምናዘጋጀው ቪዲዮ ሥር ጽሑፍ ብናስገባ ደግሞ ሁሉም ሰው ይጠቀምበታል።

በዊልቸር ወይም በክራንች የሚንቀሳቀስ ሰው ጠላቱ ደረጃ ነው። በደጋው አገራችን ደግሞ ክረምት ሲገባ ዋልካው አለ። ጤነኛውን ሰው ጫማውን የሚያስወልቅ ጭቃ ክራንች የያዘውን ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም። «ራምፕ እንሥራ» ሲባልም እንዲያው ሲሚንቶ ማፍሰስ አይደለም። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ12 ነው። ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነች አንዲት ደረጃ ብቻ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው ራምፕ ትፈልጋለች። ከዚያ ያጠረው ለሰው ሳይሆን ለኮንትራክተሩ ሂሳብ የተሠራ ነው።

ሕጉስ?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን እንደ አቅሙ እንዲረዳ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት ይመለከታል። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። በዚያው ዓመት የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ደግሞ ተቋማት ግቢያቸውን፣ ሕንፃቸውንና ኮምፒዩተራቸውን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንዲያመቻቹ፣ ቲቶሪያልና የፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጡ አዘዘ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ሲተካም ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች የመደገፉ ኃላፊነት አልቀረም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2020 የማራካሽ ስምምነትንም ተቀብላለች። ይህ ስምምነት የታተመ መጽሐፍን የባለ መብቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ ለዓይነ ስውራን በብሬል ወይም በድምፅ ማዘጋጀትን የሚፈቅድ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የደረደርኩት ለምንድን ነው? ድጋፉ ችሮታ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ተጨማሪ ሰዓት የሚጠይቅ ተማሪ እየለመነ አይደለም።

ማክበር ማለት

አሁን ወደ ጭብጨባው ልመለስ። ማክበር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ጥያቄው ምኑን ነው የምናከብረው ነው።

የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ወሎ፣ ሳይንት ውስጥ ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ት/ቤት፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት ተምራ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ገባች፤ በ1998 ዓ.ም. በሕግ ተመረቀች። እኔን የሳበኝ ተማሪ ሆና የሠራችው ነው። በዩኒቨርስቲው በፀረ ኤድስ እንቅስቃሴውና በሴት ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ በመሪነት አገልግላለች። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ጉዳዮች የዓይነ ስውራን ብቻ አይደሉም። የሌላውን ተማሪ ችግር ይዛ ፊት ቆማ መራች። የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልንም ከሌሎች ጋር መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስትቀበል የተከበረው ሥራዋ ነው።

ከባሕር ማዶም አንድ ልጨምር። አሜሪካዊው ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመቱ በፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርስቲ ሲገባ መተንፈሻ መሣሪያውን የሚችል ዶርም ስላልነበረ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጠው። እሱን እያዩ ሌሎችም መጡ። ተባብረውም እ.ኤ.አ. በ1970 በተማሪዎች የሚመራ የድጋፍ ጽ/ቤት አቋቋሙ። ቀድሞ «ይህ ሰው ሥራ ሊሠራ አይችልም» ያለው የግዛቲቱ የተሀድሶ መሥሪያ ቤት ነበር። ሮበርትስ ከዓመታት በኋላ የዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ።

ሁለቱም መጀመሪያ በሩ ተከፈተላቸው፣ ወይም ራሳቸው ከፈቱት፤ ከዚያ ሠሩ፤ ከዚያ ተጨበጨበላቸው። እኔ አምና ያደረግኩት የተገላቢጦሽ ነው። በሩ ዝግ እንዳለ ደጁ ላይ የቆመውን ልጅ «ጀግና!» ብዬ አጨበጨብኩለት።

እኛ ደግሞ ነገ ጋዜጠኞች ነን። አካል ጉዳተኛን በብዙ ዘገባ የምናገኘው ወይ ሲያሳዝን ወይ ሲያስደንቅ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ እርሻ አስተያየት ሲጠየቅ ስንት ጊዜ ሰማችሁት? ቃላችንንም እንመርምር። «ዕውር»፣ «ደንቆሮ»፣ «ሽባ» እያልን ሰው እንሳደባለን፤ እንዲያውም «ደንቆሮ» የሚለው ቃል «መሃይም» ማለት እስኪመስል ድረስ። እኔም ከላይ ስለ ሮበርትስ ስጽፍ «ሽባ» የምትለዋ ሾልካ ገብታለች። አላጠፋኋትም፤ እንዴት እንደምትሾልክ እንድታዩት ብዬ ነው። ጓደኛዬ ራሱ «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» እያለ ይቀልዳል። የእሱ ቀልድ የእሱ ነው፤ እኛ ከአፉ ነጥቀን ርዕስ አናድርገው።

ከዚህስ?

በያዝነው ሴሚስተር ጥቂት ልጆች ሆነን የአንባቢዎች ዝርዝር ጀምረናል። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚጠየቀው። ወረቀቱን በሰሌዳ ላይ ስንለጥፍ ጓደኛዬ «እኔ እንዳላየው ነው?» ብሎ አሳቀን። እውነቱን ነው፤ ዛሬም ቢሆን መጀመሪያ የሚቀናን ወረቀት መለጠፍ ነው። አሁን ስሙንና ሰዓቱን በድምፅ ቀድተን ሰጥተነዋል። እስካሁን 14 ስም ተመዝግቧል። የእኔ ሰዓት ማክሰኞ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው።

ደግሞ እኔ ብቻ የምሰጥ እንዳይመስላችሁ። የሬዲዮ አሳይመንቴን ሳስደምጠው «ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ከኋላ ጄኔሬተር አለ፣ የሰውየውን ድምፅ ውጦታል» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሰምቼው አላስተዋልኩትም ነበር። እንደገና ቀድቼ አስረከብኩ።

ለመጪው የሚኒ ሚዲያ ፕሮግራም እሱ አንድ ዝግጅት እየሠራ ነው። ስለ ዓይነ ስውርነት እንዳይመስላችሁ! ስለ ደብረ ማርቆስ የባጃጅ ታሪፍ ነው። ሾፌሮቹን፣ ተሳፋሪውን፣ ስምሪቱን አነጋግሯል። ስንሰማው ጥሩ ከሆነ እናጨብጭብ። ካልጣመኝ ግን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። እሱም ለእኔ ጽሑፍ ያደረገው ይህንኑ ነው።

እስከዚያው ዝርዝሩ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ቸር ይግጠመን።